ለኤርምያስ ሰው ስንመርጥ

ለንደን፣ ሆሎዌይ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ወንድሜ ለጋሼ ዳኛቸው፣

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለቤትዎም የጤና ይሁንልን። ጉልበትዎን ያበርታልኝ። እኔና ኤርምያስ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ኔትወርክ ሲመጣ ኢንተርኔት ቤት ሄደው ያሳትሙታል። «ከስልክ ላይ ደብዳቤ አላነብም» ብለው ስላስቸገሩኝ ነው እስከ ዛሬ የእጅ ጽሑፌ ያልጠፋው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዳሌዬን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው። ሆስፒታል እተኛለሁ፤ ከወጣሁም በኋላ ለወራት ሰው ማንሳት አልችልም። ኤርምያስን ደግሞ እስከዛሬ ያነሳሁት፣ ያጠብኩት፣ ያበላሁት እኔ ነኝ። ልጄ ሲወለድ ከደረሰበት ጉዳት ወዲህ በእግሩ አልቆመም፣ በአፉም አልተናገረም። ሁሉ ነገር ግን ይገባዋል። እርስዎ በስልክ ሲቀልዱበት እንዴት እንደሚስቅ ሰምተውታል።

ሶሻል ወርከሯ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ መጥታ ኤርምያስን የሚንከባከብ ኤጀንሲ ምረጪ አለችኝ። የኤጀንሲው ሥራ ማጠብና ማብላት ብቻ አይደለም። ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ሐኪሙን፣ መድኃኒቱን፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ ያስተባብራል። እኔ በሌለሁበት እኔን ሆኖ መቆም ማለት ነው። የሚከፍለው ካውንስሉ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ነው፤ የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ አለችኝ።

ሁለት የኤጀንሲ ኃላፊዎች መጥተው አይተውናል። አንዷ ሉቺያ ትባላለች፤ ከኬኒንግተን ነው የመጣችው። አስመራ በአማርኛ የተማረች ካቶሊክ ናት፣ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። ከኤርምያስ አጠገብ ቁጭ ብላ ከሰዓት በኋላዬን ጨረሰችው። እንዴት ይበላል? ሲያመው በምን ታውቂያለሽ? ማን ያስቀዋል? አዎ ሲል እንዴት ነው የሚለው? አዎ ሲል ዐይኑን ጨፍኖ እንደሚያቆይ፣ አይ ሲል ወደ ላይ እንደሚያይ ነገርኳት። ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ ምግብ ወደ ሳንባው ስለሚሄድ ተኝቶ እንደማይበላም ነገርኳት። እሷም ዞራ ራሱን «ወደ ቤትህ ብመላለስ ትወዳለህ?» ብላ ጠየቀችው። ጨፈነላት! በመጨረሻ ደግሞ «ለማታ የሚሆን ሰው አሁን የለኝም፤ እስካገኝ ድረስ አለኝ ብዬ አልዋሽሽም» አለችኝ። ሥራ ሊለምን የመጣ ሰው እንዲህ ይላል?

ሁለተኛው ደረጄ ነው፤ ቢሮው ዊልስደን ነው። በቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ፣ ትሑት ነው። ገና ከበር ሲገባ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። የኤርምያስን ግንባር ሳመና «እናቴ፣ ምንም አታስቢ። ቀንም ማታም እኛ አለን። ወንድሜ ማለት ነው» አለኝ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ጭንቀቴ ቀለል አለልኝ፣ ልዋሽዎት አልችልም።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የመሪጌታ ኪዳኔ የልጅ ልጅ ነኝ ብሏል። ልጇን የምትድር እናት መሰልኩ፤ ቢሆንም እባክዎ አጣርተው ይጻፉልኝ። ያለ እርስዎ ምክር አልወስንም።

እህትዎ አልታየሽ


ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአልታየሽ፣

አምላክ ከአልጋሽ በሰላም የሚያስነሳሽ፣ ኤርምያስንም የሚጠብቅልሽ ይሁን። እኛ ደህና ነን። እህሉ ዘንድሮ ጥሩ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አላረፍኩም። ዘንጌን ይዤ መሪጌታ ኪዳኔ ወደኖሩበት ሰፈር ወረድኩ። የደረጄን ዘር በአባቱ በኩል ያለውን ከቤተ ክህነት ሰዎች፣ በእናቱ በኩል ያለውን ቤተሰቡን ከሚያውቁት ከአቶ ሳህሌ ጠይቄ ቆጠርኩት። እስከ ሰባተኛ አያት ድረስ አንድም ነውር የለበትም። መሪጌታ ራሳቸው ሰው ሲጣላ አስታራቂ፣ ሰው ሲታመም አስታማሚ ነበሩ። የደረጄ አክስት ቤት ቡና አፍልተው ካልጠጣህ ብለው ሲይዙኝ በግድ ነው ያመለጥኩት። ልጁ በየበዓሉ ይደውልላቸዋል፤ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሴትየዋን በተመለከተ፣ ክፉ ናት አልልም። ግን ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች የሚነግረን የለም። ደግሞም ሰው ቤት ገብቶ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ተጠራጣሪ ነው። ጨዋ ሰው አይቶ ይረዳል። «የለኝም» ብላ መጀመሯስ? ገና ሳትጀምር እጇን የሰበሰበች ሰው መሐል ላይ ምን ልትሆንሽ ነው?

ደረጄን ያዢ። እኔ ዋስ ነኝ። ለአክስቱም ነግሬያቸዋለሁ፣ ደስታቸው ወሰን የለውም።

የኤርምያስን ፎቶ ላኪልኝ፤ ባለፈው የላክሽው ደብዝዞብኛል።

ወንድምሽ ዳኛቸው


ሆሎዌይ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዳኛቸው፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስለ ልፋትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ለእኔ ብለው እንደወረዱ ሳስብ ዐይኔ እንባ አዘለ፤ ሰባተኛ አያት ድረስ መቁጠርዎን ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ።

እንዳሉኝ ደረጄን መረጥኩ። እኔ ገና ቤት እያለሁ ሰዎቹ ኤርምያስን እንዲለምዱት ሥራ ጀምረዋል። መጀመሪያ የመጣችው ልጅ ደግ ነበረች። ኤርምያስን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ በሆሎዌይ ሮድ የሚያልፈውን አውቶብስ ሁሉ ታሳየው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ቀረች። ሌላ መጣ። እሱም ቀረ። አሁን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ማን እንደሚገባ አላውቅም።

ለሉቺያ ደውዬ ሌላ ሰው መርጫለሁ አልኳት። አልተቆጣችም። «ይሁን፣ ግን የመረጥሽውን ሰው እነዚህን ጠይቂው» ብላ በስልክ አስጻፈችኝ። እንዲህ ነው ያለችኝ፤ አንቺ ሆስፒታል ስትሆኚ ማታ የሚመጣው ማነው፣ ስሙስ? ከዚያ ቀን በፊት ከኤርምያስ ጋር ተቀምጦ ያውቃል? አዎና አይ የሚልበትን፣ የሚበላበትን መንገድ ጽፈው ይዘዋል? እሁድ ቀን ችግር ቢመጣ ስልክ የሚያነሳው ማነው? ቁጥሯንም ሰጠችኝ፤ ከደብዳቤው ግርጌ ጽፌዋለሁ፣ ከእኔ ቢጠፋ ከእርስዎ አይጠፋምና።

ደረጄ ባለፈው እሁድ መጥቶ ነበር። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ብርቱካን ይዞ የመጣ፣ «እናቴ» የሚለኝን ልጅ ቁጭ አድርጌ እንዴት ብዬ ልመርምረው? ለእርስዎ ቃል ሲባል የተቀበልኩትን ሰው? ጋሼ፣ ልጠይቀው ወይስ ነውር ነው?

ፎቶውን ልኬያለሁ። ከሲታ የመሰለው በመብራቱ ነው።

እህትዎ አልታየሽ


ደብረ ማርቆስ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአልታየሽ፣

መጪው ልደት ቤትሽን በሰላም ይጎብኝልሽ።

አትጠይቂው። የሰውን ልጅ በሌላ ሰው ጥያቄ መመርመር እሱንም ማሳፈር፣ እኔንም ማሳፈር ነው። ትናንት አክስቱ ቤቴ ድረስ መጥተው መረቁሽ፤ «ልጃችን ባሕር ማዶ ወንድም አገኘ» እያሉ። ይህን የመሰለ ዝምድና በጥርጣሬ አይበላሽም። ሠራተኛ መቀያየር በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ነው።

ፎቶውን አየሁት። ልጁ ከስቷል፤ መብራት አይደለም። በደንብ አብይው።

ወንድምሽ ዳኛቸው


ሆሎዌይ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዳኛቸው፣

የጥምቀቱ በረከት ይድረስዎ። እኔ ዘንድሮ ጥምቀት አልሄድኩም፤ ኤርምያስን ትቼ መውጣት ፈራሁ።

ከቤት ሳልወጣ ይህን ካየሁ ከወጣሁ በኋላ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ነው የምጽፈው። ባለፈው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝና ቆይቼ ስመለስ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙረውት አገኘሁት። የዚያን ቀን ኤጀንሲው የላከው ሰውዬ ሶፋው ላይ ስልኩን ይነካካል። ኤርምያስ ግድግዳ እያየ ነበር፣ ጋሼ። ስንት ሰዓት እንደሆነው አላውቅም። ሰውዬው «ዝም ያለ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ትራሱ ላይ የተፈጨ ምግብ አየሁ። ተኝቶ አብልተውታል ማለት ነው። ሌሊቱን ሲያስለው አደረ። በሩ ሲንኳኳ አሁን ወደ ላይ ያያል። ማንም ሳይጠይቀው፣ አይ ይላል።

የደረጄ ቢሮ በየሳምንቱ ይደውላል። «ሁሉ ነገር እንዴት ነው?» ሲሉኝ አፌ ቀድሞኝ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ይላል። የጠየቀኝን ሰው በምሬት መቀበል አላደግኩበትም። ኋላ ስሰማ ለካ ያንን «ደህና ነው» ቤተሰብ ረክቷል ብለው ነው የሚመዘግቡት። ለደረጄ ራሱ «ምግቡን ትንሽ ቢጠነቀቁ» አልኩት። «ችግር የለም እናቴ፣ እነግራቸዋለሁ» ብሎ እጄን ሳመ። ማንን እንደሚነግር ግን እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሥራው በዝቶበታል፤ ስልኩ አያርፍም፣ ዐይኑ ቀልቷል።

ኦፕራሲዮኔ የካቲት 5 ቀን ነው። ሉቺያ ትናንት ደወለች። የማታ ሰው አግኝታለች፤ አሁን ከነገርኳት ሰውዬውን አስቀድማ ከኤርምያስ ጋር ልታስተዋውቀው ትችላለች። እኔ ልለውጥ እፈልጋለሁ። ግን እርስዎ ዋስ ሆነው፣ አክስትየዋ መርቀውኝ፣ ቃልዎን እንዴት ጥዬ ልሂድ? እባክዎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ። «ለውጪ» ቢሉኝ በቂዬ ነው። ብቻ ከየካቲት 5 በፊት ይድረሰኝ።

እህትዎ አልታየሽ


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለአንድዬ እህቴ ለአልታየሽ፣

እንኳን አምላክ ከዚያ ቢላ በደህና አወጣሽ! እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን። ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው መልሱ የዘገየው፣ አትቀየሚኝ።

አሁን ያንቺ ሥራ መተኛትና መዳን ብቻ ነው። ደረጄ ደውሎልኝ ነበር። ኤርምያስ ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው፤ ስለ እሱ ምንም አታስቢ። ስልክም ብዙ አትነካኪ፤ ለቁስል ጥሩ አይደለም ይላሉ። ደረጄ «ልያዝልሽ» ካለሽ ስጪውና ዕረፊ። ጠያቂ ሲመጣም ብዙ አታውሪ።

እዚህ ዝናብ ያለ ወቅቱ ጥሎ ነበር። የጎረቤታችን የአይናለም ላም ወለደች። ሁላችንም ሰላም ነን።

ወንድምሽ ዳኛቸው


ለንደን፣ ከሆስፒታል
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ዳኛቸው፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዳሌዬ ደህና ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያስቀምጡኛል። አምስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ።

ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ጎረቤት ላም የሚጽፉልኝ? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅኩዎት አንድ ነገር ነበር፤ መልስዎን ስጠብቅ ደረጄን ሳልለውጥ ሆስፒታል ገባሁ፣ ዛሬም እሱን አልመለሱልኝም። ያልጠየቅኩዎትን ደግሞ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው።

ትናንት ደረጄ ወይን ይዞ መጣ። ወንበር ስሰጠው አልቀመጥ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም አብረው መጡ፤ እጄን ይዘው ቆሙ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ስትወስድ ሌላዋ በክርኗ ጎሰመቻት። ኤርምያስን በቪዲዮ አሳዩኝ ስል «ተኝቷል» አሉኝ። እኩለ ቀን ላይ! ደረጄ ዛሬ ከሰዓት ተመልሶ ስልኬን ሊወስድ ነው፣ እንድታርፊ ብሎ። እርስዎም ስጪው ብለዋልና እሰጠዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ የምልከው ከዚያ በፊት ነው።

ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር እኔም ያደግኩበት ነው፤ እናታችን ስትታመም የአባታችንን ሞት እኔም ደብቄያታለሁ። እኔን ግን ምንም አይደብቁኝ። ኤርምያስ ከእኔ በቀር ቋንቋውን የሚሰማለት ሰው የለውም። እኔን ደብቃችሁ ያዳናችሁኝ ቢመስላችሁም እሱን አፍ የምታሳጡት እናንተ ናችሁ።

ደረጄ ታላቅን አይዋሽም። ያኔ አትጠይቂው ያሉኝን አሁን እርስዎ ይጠይቁልኝ። የሉቺያ ጥያቄዎች እጅዎ ላይ አሉ።

አልታየሽ


ደብረ ማርቆስ
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አልታየሽ፣

ስልክሽ ሰው እጅ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ አትሞ የሚያመጣልሽ ሌላ ሰው ነው። ሰላምታውን እለፊውና አንብቢ።

ጠየቅኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ምስክር ሲጠየቅ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ለእህቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን እስከ ትናንት ቆየሁ። ማታ ይመጣ የነበረው ማነው አልኩት። «ስሙን አላስታውስም ጋሼ፣ ከሌላ ኤጀንሲ ነው የተላከልኝ» አለኝ። ከዚያ በፊት ኤርምያስን ያውቀው ነበር? «አያውቀውም።» አበላሉን የጻፈ ነበር? «አልጻፍንም።» ስልክ የሚያነሳው ማን ነበር? «እኔ ነበርኩ ጋሼ። አላነሳሁም፣ ሌላ ሰው ቤት ችግር ነበር።» እያለቀሰ ነው የመለሰልኝ። ለሁሉም እውነቱን ነገረኝ። ቤተሰቡን በትክክል ቆጥሬ ነበር፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አይዋሽም። ብቻ ጠያቂ አልነበረውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚሻለኝ ይመስለኛል።

የሆነው ይህ ነው። የካቲት 9 ቀን በእራት ሰዓት አዲሱ ሰው ኤርምያስን አስተኝቶ አበላው፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ሄደ። አምቡላንስ ወሰደው። ሳንባው ቆስሏል። ደረጄ በማግስቱ ወግ አውቆ ለእኔ አስቀድሞ ደወለልኝ፤ «እናቴ እስክትቆም አንንገራት» አለኝ። ደግ አደረግህ አልኩት። የላሟን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ያን ጊዜ ነው። በጥር ወር የጻፍሽው ደብዳቤም ቢሆን በጊዜው ነው የደረሰኝ፤ ኔትወርክ ያልኩሽ ውሸት ነው። «ለውጪ» ብዬ መጻፍ ከብዶኝ፣ የአክስቱን ፊት ፈርቼ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ጊዜ የለሽም።

ትናንት ከደረጄ ጋር እንደጨረስኩ ሉቺያ ዘንድ ደወልኩ። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቅኳትም። ወዲያው ሄዳ አየችው። ሐኪሞቹ የያዙት ወረቀት «አይገባውም፣ መልስ አይሰጥም» ይላል፤ ያስመዘገቡት የደረጄ ሰዎች ናቸው። ሉቺያ እያየች ዶክተሩ በስሙ ጠርቶ «ትሰማኛለህ?» አለው። ኤርምያስ ዐይኑን ጨፍኖ አቆየ። ዶክተሩም «እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ ዞረ። ሉቺያ ብትነግራቸው «አንቺ ምኑ ነሽ?» አሏት። እናቱን በስልክ ፈልገው እንዳጡ፣ በጠና ታማለች እንደተባሉም ነገሯት።

ትንፋሹ እየከበደው ነው። የመተንፈሻ ማሽን ላይ ይደረግ ወይስ ይብቃው የሚለውን ዛሬ ተሰብስበው ይወስናሉ። እየገባው እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሚወስኑት።

ወረቀቱን የሰጠችሽ ሴት ሉቺያ ናት። ወንበሩን አዘጋጅታለች። ኤርምያስ ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ካንቺ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ አትጠብቂ፣ እዚህ ደርሰሽ ከሆነም ደብዳቤውን ጣይው። ውረጂና እናቱ ነኝ በያቸው፤ እሱን ራሱን ጠይቂላቸው።

ዳኛቸው